ለየትኛው ጥያቄ የትኛው በር፦ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ማኅበር የቅድሚያ ጥያቄዎቹን እንዴት ይጽፋል

ባለፈው እሑድ አራት ወጣት መምህራን ጎንደር ማራኪ ሰፈር ካለው ቤቴ መጡ። አንዷ የሰፈራችን ልጅ ናት፤ ከጎንደር ርቆ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ለእረፍት ስትመጣ አብረዋት የተመረጡትን ሦስት የማኅበር ሥራ አስፈጻሚዎች ጎንደርን ላሳያችሁ ብላ ይዛቸው መጣች። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ 28 ዓመት የሒሳብ አያያዝ አስተምሬያለሁ፤ ከዚያ ውስጥ 11ዱን ዓመት በየተመደብኩበት የመምህራን ማኅበር ገንዘብ ያዥ ወይም ጸሐፊ ነበርኩ። ልጅቷ ይህን ስለምታውቅ ቡናው ሳይፈላ ላፕቶፗን ከፍታ «እትዬ፣ እስቲ ይቺን ይዩልን» አለችኝ።

27 ጥያቄ ተጽፏል። አንደኛው «የመምህራን ኑሮ ይሻሻል» ይላል፤ የመጨረሻው «የላውንጁ የሻይ ዋጋ ይቀነስ» ነው። በመካከል «የምርምር በጀት ይጨመር»፣ «አካዳሚያዊ ነፃነት ይከበር»፣ «የፕሪንተር ቀለም ይቅረብ»፣ «የሥራ ጫና ይቀነስ» እያለ ይሄዳል። ውሸት የሆነ አንድም የለበትም። አንብቤ ስጨርስ «ይህን ለማን ነው የምትሰጡት?» አልኳቸው። «ለፕሬዚዳንቱ» አሉኝ። ፕሬዚዳንት ግን የመንግሥት ደመወዝ መጨመር አይችልም። የፕሪንተር ቀለም ደግሞ እሱ ዘንድ መድረስ ያለበት ጉዳይ አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ፋሲል ግቢ ይዣቸው ሄድኩ። ግቢው 12 በሮች ነበሩት፤ ወንበር በር የዳኞች፣ እምቢልታ በር የነፊዎቹ፣ ባልደራስ በር የፈረሰኛው አዛዥ እየተባለ እያንዳንዱ ስምና ባለቤት ነበረው። ወንበር በር አጠገብ ቆመን «ፍርድ ፈላጊው እምቢልታ በር ሄዶ ቢጮህ ማን ይሰማው ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ዛሬ ለናንተ ለማስረዳት የምፈልገውም ይኸው ነው። ጥያቄ ሁሉ የሚወስንለት ሰው አለው። የቅድሚያ ሰነድ የምትጽፉ የማኅበር አመራሮች፣ ከቃላቱ በፊት በሩን ፈልጉ።

ጥያቄውን ከማን ትሰበስባላችሁ

«እነዚህን 27 ጥያቄዎች ማን አዋጣቸው?» ስላቸው ከቴሌግራም ግሩፕ እንደለቀሙ ነገሩኝ። ግሩፕ ላይ የሚጽፈው ሁልጊዜ ያው ሰባት ስምንት ሰው ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ስምንት ሰዓት ቆማ የምትውለዋ ቴክኒካል ረዳት አትጽፍም። ዓምና የተቀጠረው ረዳት ምሩቅ ይፈራል። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት ደግሞ በግሩፕ ብቻ ይሠሩ የነበሩ ማኅበራት ድምፃቸው አብሮ ጠፍቷል።

ስለዚህ ወደ ወረቀት ተመለሱ። አንድ ኤ ፎር ወረቀት ስምንት ቦታ ተቆርጦ ለእያንዳንዱ አባል አንድ ቁራጭ ይሰጠው። ስም አይጻፍበትም፤ የሥራ መደቡን ብቻ ይጻፍ። ጥያቄውም «ምን ይሻሻል?» አይሁን። እንዲህ ስትጠይቁት ሰው ከጋዜጣ የሰማውን ይጽፍላችኋል። «ባለፈው ወር ሥራህን እንዳትሠራ ያደረገህ አንድ ነገር ምንድን ነው?» በሉት። አንድ ጊዜ በዚህ መንገድ ስንጠይቅ፣ ከሥራ አስፈጻሚው ማንም አስቦት የማያውቀውን «የሥራ ላይ ደኅንነት» የሚባል ጉዳይ አንዲት የኬሚስትሪ ላብራቶሪ ረዳት አነሣችው፤ ቁራጯ ላይ «አሲድ የምቀዳው በምግብ ቤት ጓንት ነው» ብላ በእርሳስ ጽፋ ሰጠችን። ያቺን ቁራጭ ለሁለት ዓመት ቦርሳዬ ውስጥ ይዣት ዞሬያለሁ። ከሠላሳ ገጽ ጥናት ይልቅ እሷን ሳሳይ ነው ኃላፊዎች ቀና ብለው የሚያዩኝ።

ቁራጩን ይዛችሁ ራሳችሁ ዙሩ። ላብራቶሪ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ሪጅስትራር፣ የማታና የቅዳሜ እሑድ መርሐ ግብር የሚያስተምሩት ዘንድ ግቡ። የአስተዳደር ሠራተኛው የማኅበራችሁ አባል ባይሆንም ጠይቁት፤ እሱ የሚያውቀው የመዝገብና የክፍያ ጉዳይ የእናንተን ጥያቄ ግማሹን ያብራራል።

በሰፌድ ላይ

እሑድ ማታ ከፋሲል ግቢ ስንመለስ 27ቱን ጥያቄ በቁራጭ ወረቀት አስጻፍኳቸውና ሰፌድ አውጥቼ ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩ። ምስር እንደሚለቀም እንልቀመው አልኳቸው። ሕጉ አንድ ነው፤ አንድ ቁራጭ ታነሣላችሁ፣ «ይህን ነገ ጠዋት ፈርሞ ሊፈታ የሚችል ሰው ማን ነው?» ትላላችሁ፣ መልሱ ባለበት ጥግ ታስቀምጣላችሁ።

«የፕሪንተር ቀለም» ተነሣ። የዲፓርትመንት ኃላፊው ነው፤ የጥቃቅን ወጪ ገንዘብ አለው። ወደ ግራ ሄደ። «የላውንጁ ሻይ» እዚያው። «የመምህራን ሽንት ቤት ውኃ የለውም» ሲባል ትንሽ ተከራከርን፤ ጎንደር ያደገ ሰው ስለ ውኃ መከራከር ይችልበታል። በመጨረሻ የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊው የሮቶ ታንከር ማስገጠም እንደሚችል ተስማማን። እንዲህ እንዲህ ስንል 10 ቁራጭ በዲፓርትመንት፣ በዲንና በጠቅላላ አገልግሎት ደረጃ የሚፈታ ሆኖ ወጣ። እነዚህን ከሰነዱ አውጡ፤ ግን አትጣሏቸው። አንድ የኮሚቴ አባል ግማሽ ገጽ ማስታወሻ ይዞ በአንድ ሳምንት ውስጥ በየቢሮው ይዙርባቸው። አባላት ማኅበሩ እንደሚሠራ የሚያምኑት በነዚህ ነው።

ሦስቱ ድግግሞሽ ነበሩ፤ «የሥራ ጫና»፣ «የመምህር እጥረት» እና «ኦቨርሎድ በጊዜ አይከፈልም» (ኦቨርሎድ ከመደበኛው በላይ የሚሰጥ የትርፍ ሰዓት ትምህርት ነው) አንድ በሽታ ናቸው። ሌሎችም እንዲሁ ተዋሐዱ። 9 ቁራጭ የፕሬዚዳንቱ፣ የሴኔቱ ወይም የቦርዱ ሆነ። 5ቱ ደግሞ ከግቢው አጥር ውጭ የሚወሰኑ ናቸው፤ የትምህርት ሚኒስቴር፣ የገንዘብ ሚኒስቴር፣ የሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን፣ ከዚያም በላይ የሚኒስትሮች ምክር ቤትና የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት። ለነዚህ ብቻችሁን አትሄዱም። በ1941 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ያለው ለዚህ ነው፤ የግቢያችሁ ማኅበር ማስረጃውን አጠናክሮ ወደ ላይ ያሻግራል።

ሕጉን አንብቡ፤ በተለይ ይህን ክፍል አትለፉት

የፋብሪካ ሠራተኛ ማኅበር ከአሠሪው ጋር ተደራድሮ የኅብረት ስምምነት ይፈራረማል። ይህን የሚፈቅደው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህር ግን በዚያ አዋጅ አይተዳደርም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ለመንግሥት ሠራተኞችም፣ የሥራቸው ጠባይ እስከፈቀደ ድረስ፣ የመደራጀት መብት ሰጥቷል። አገራችን ስለ መደራጀት ነፃነትና ስለ የጋራ ድርድር የሚደነግጉትን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነቶች 87ን እና 98ን በ1955 ዓ.ም. ተቀብላለች። በመብቱና በአፈጻጸሙ መካከል ያለው ርቀት ራሱ አንድ የፖሊሲ ጥያቄ ነው፤ በሰነዳችሁ መግቢያ ላይ በአንድ አንቀጽ ጻፉት።

እስከዚያው ግን በእጃችሁ ያለው ጉልበት የሕጉ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ቁራጮቹን እንደገና ልቀሙ፤ «ሕጉ ሰጥቶን ያልተፈጸመ» አንድ ጥግ፣ «ሕጉ ያልሰጠን» ሌላ ጥግ። የመጀመሪያው ዓይነት ሁልጊዜ ይቀድማል። ኃላፊው «ላስብበት» ሊላችሁ አይችልም፤ የሚጠበቅበት መፈጸም ነው።

የሕፃናት ማቆያውን ተመልከቱ። ከአራቱ ወጣቶች አንዷ የሰባት ወር ልጅ አላት። በእረፍት ሰዓት ባጃጅ ይዛ ቤት ሄዳ አጥብታ ትመለሳለች። ጥያቄያቸው «ለሴት መምህራን ትኩረት ይሰጥ» የሚል ነበር። በ2010 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሴት ሠራተኞች ሕፃናቶቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁም ደንግጓል። እናቲቱ ይህን ስትሰማ ዝም አለች። ሰባት ወር ሙሉ እንደ ልመና ስታስበው የኖረችው ነገር አዋጅ ላይ ተጽፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የወጣውን የሠራተኞች አዋጅም አውርዳችሁ ጎን ለጎን አንብቡ፤ የድሮ ቁጥር ጠቅሳችሁ ኃላፊ ፊት እንዳታፍሩ።

ማንበብ ያለባችሁ ብዙ አይደለም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ዋናው ነው፤ የአካዳሚያዊ ነፃነት፣ የመምህሩ መብትና ግዴታ፣ የሴኔቱና የቦርዱ ሥልጣን እዚያ አለ። የግቢያችሁን የሴኔት መተዳደሪያ ያዙ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1997 ያጸደቀው የከፍተኛ ትምህርት መምህራንን የሚመለከት ምክረ ሐሳብም አለ፤ አስገዳጅ ሕግ ባይሆንም «እኛ ብቻ የፈለሰፍነው ጥያቄ አይደለም» ለማለት ይጠቅማል።

የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎችን አዋጅ ቁጥር 1294/2015ን ደግሞ ሳይደርስባችሁ አንብቡት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል፤ ሌሎችም በተራ እንዲገቡ ታስቧል። ራስ ገዝነት ለምሁሩ ነፃነት በረከት ሊሆን ይችላል፤ እኔ አልቃወመውም። ነገር ግን የሠራተኛው ቅጥር፣ የጡረታው፣ የዕድገቱና የደረጃው ነገር በሽግግሩ ወቅት ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ማወቅ ይገባል። ዩኒቨርሲቲያችሁ ገና ከሆነ አሁን ጠይቁ፤ ደንቡ ከወጣ በኋላ መጠየቅ ያረፈደ ነው።

ስሌት የሌለው ጥያቄ አታቅርቡ

ይህን የምለው የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። «ሥራ በዛብን» ስትሉ «እኛም በዝቶብናል» ትባላላችሁ። ቁጥር ስትይዙ ግን መልሱ ቁጥር መሆን አለበት።

የሰፈራችንን ልጅ ዲፓርትመንት ወስደን አሰላነው። በዝርዝር 16 መምህር አለ። ሁለቱ ስተዲ ሊቭ (የትምህርት ፈቃድ) ላይ ናቸው፤ መሬት ላይ ያሉት 14 ናቸው። ለአንድ መምህር ሙሉ ሎድ፣ ማለትም መደበኛው የማስተማር ድርሻ፣ በሳምንት 12 ሰዓት ነው። 14 ሲባዛ በ12፣ 168 ሰዓት። በሴሚስተሩ የተከፈቱት ኮርሶች በየሴክሽኑ ተደምረው በሳምንት 216 ሰዓት ሆኑ። ልዩነቱ 48 ሰዓት ነው፤ የአራት መምህር ሥራ። ያ 48 ሰዓት በኦቨርሎድ ተሸፍኗል፤ ክፍያው ሴሚስተሩ አልፎ ሌላው ተጋምሶም አልደረሰም። «የሥራ ጫና ይቀነስ» ያለው ቁራጭ ተቀዶ በምትኩ እንዲህ ተጻፈ፦

«በዲፓርትመንታችን በሴሚስተሩ በየሳምንቱ የሚሰጠው 216 ሰዓት ሲሆን በሥራ ላይ ያሉት 14 መምህራን ሙሉ ሎድ 168 ሰዓት ነው። የጎደለው 48 ሰዓት ነው። ዩኒቨርሲቲው በቀጣዩ ዓመት በጀቱ አራት የመምህር መደብ እንዲይዝ፣ እስከዚያው የትርፍ ሰዓት ክፍያ ውጤት ለሪጅስትራር ከገባበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ እንዲከፈል እንጠይቃለን።»

አያችሁ፣ ምሬቱ የትም አልሄደም፤ አሁን ግን መልስ ሊሰጥበት ይችላል። ምን እንደሚፈለግ፣ ማን እንደሚፈጽመው፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣና እስከ መቼ እንደሆነ ተናግሯል። እነዚህ አራቱ ያልተሟሉለትን ጥያቄ ወደ ሰነዱ አታስገቡ።

ደመወዝ ላይ ደግሞ አንድ ስሕተት ደጋግሜ አያለሁ። መምህራን የሚጠይቁት ያልተጣራውን ነው፤ ቤት የሚገባው ግን የተጣራው ነው። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር መሠረት እስከ 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል። ለምሳሌ ያህል 15,000 ብር ደመወዝ እንውሰድ። ግብሩ 3,200 ብር ነው። የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ፣ 1,050 ብር። እጅ የሚገባው 10,750 ብር። በዚህ ደመወዝ ላይ 1,000 ብር ቢጨመር 350 ግብር፣ 70 ጡረታ ሄዶ የሚተርፈው 580 ብር ነው። ጎንደርም ሆነ ሌላ ከተማ የቤት አከራይ በአንድ ጊዜ ከሚጨምርባችሁ ጋር አስተያዩት።

ስለዚህ ምክሬ ደመወዝን ብቻ አትጠይቁ ነው። ለመኖሪያ ቤት መሥሪያ ቦታ፣ ለመምህራን የቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ድጋፍ፣ የሰርቪስ አውቶቡስ፣ የግቢ መኖሪያ እድሳት፤ እነዚህ በዓይነት የሚገኙ ናቸው፣ ገሚሱንም ዩኒቨርሲቲውና የከተማው አስተዳደር ተነጋግረው ሊፈቱት ይችላሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የላብራቶሪ ኬሚካልና መሣሪያ በብር ሲታሰብ ዋጋው ዘልሏል፤ የምርምር በጀት ጥያቄ ስትጽፉ የድሮውን ደረሰኝና የአሁኑን ፕሮፎርማ አያይዙ። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የተማሪው ነገር

27ቱ ውስጥ ስለ ተማሪ የሚናገር አንድም አልነበረም። ይህ አስጨንቆኛል፤ በግልጽም ነግሬያቸዋለሁ።

በየካቲት 1966 መምህራን ሥራ ሲያቆሙ የደመወዝ ጥያቄ ነበራቸው። ሕዝቡ አብሯቸው የቆመው ግን የትምህርት ሴክተር ሪቪው የተባለውን ዕቅድ ስለተቃወሙ ጭምር ነው። ዕቅዱ የድኻ ልጅ ከመጀመሪያ ደረጃ እንዳያልፍ በር ይዘጋል ብሎ ወላጁ ፈርቶ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዕቅዱን ለማዘግየት ተገደደ። የመምህሩ ጉሮሮና የልጁ ዕጣ በአንድ ወረቀት ላይ ስለተጻፉ ነው ወላጅም ተማሪም የተሰለፈው፤ እኔ ታሪኩን የማነበው እንዲህ ነው።

ዛሬም የሚጻፍ ሞልቷል። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ ተመድቦ የቆየው 22 ብር ነበር፤ በ2017 ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ጥሩ ነው፤ ግን 100 ብር ለሦስት ሲካፈል በአንድ ማዕድ 33 ብር ከትንሽ ሳንቲም ነው። የጤፍ ዋጋ ከቅዳሜ ገበያ ጠይቃችሁ ለጥፉበት። በወጪ መጋራት የተማረ ምሩቅ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ እንደሚከፍልም አስታውሱ፤ ምግቡን ተማሪው በነፃ አልበላውም።

ከዚህ የሚብሰው የተማሪ ቁጥር ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በአዲሱ አሠራር ከተሰጠ ጀምሮ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃውን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ገደማ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ናቸው። ኩረጃው መቆሙን እኔ በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። 28 ዓመት ፈተና ያረመ ሰው ሌላ ሊል አይችልም። ግን ውጤቱ በየግቢው እየታየ ነው፤ አንዳንድ ዲፓርትመንት ተማሪ አጥቷል፣ መምህሩ የሪሜዲያል (ማለፊያ ላላመጡ የሚሰጥ የማካካሻ ትምህርት) ክፍል ይዟል ወይም ያለ ሥራ ተቀምጧል። የታሪክ፣ የጂኦግራፊ፣ የፊዚክስ ትምህርት ክፍል በአንድ ዓመት ስብሰባ ይዘጋል፤ መልሶ ለማቋቋም ግን ሃያ ዓመት ይወስዳል። ማኅበሩ «አይዘጋ» ብቻ ብሎ አይበቃውም። የሚዘጋ ከሆነ በምን መስፈርት፣ መምህሩ በየትኛው ተያያዥ መስክ ተጨማሪ ሥልጠና አግኝቶ፣ ስንት ዓመት ተጠብቆለት የሚለውን ይጻፍ።

ለከተማው ምን እንደሚጠቅምም ተናገሩ። ጎንደር የጤና ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. ሲመሠረት የደምቢያው የወባ ወረርሽኝ ገና ትኩስ ነበር። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን አብረው ሠልጥነው ወደ ገጠር ይወጡ ነበር። የመንግሥት ከፍተኛ ትምህርት ለሕዝብ ምን ማለት እንደሆነ የዚህ ከተማ ሽማግሌ ሁሉ ከራሱ ቤት ምሳሌ ያመጣላችኋል። እናንተም ካላችሁበት ከተማ እንዲህ ያለ አንድ ነገር ፈልጉና በመጀመሪያው ገጽ አስቀምጡት።

ጉባኤውና መዝገብ ቤቱ

ረቂቁ ሲያልቅ ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራ። ምልዐተ ጉባኤ መሟላቱ ይቆጠር፤ ቃለ ጉባኤው ላይ የተገኙ፣ የደገፉ፣ የተቃወሙ፣ ድምፅ የተዓቀቡ በቁጥር ይጻፍ። ከ14ቱ ጥያቄ አምስት ብቻ ምረጡ። አባል ሁሉ የራሱ እንዳይቀር ይከራከራል፤ ይከራከር። ቅደም ተከተሉን በእጅ ማውጣት ሳይሆን በምስጢር ቁራጭ ወስኑት፤ እጅ ሲወጣ ሰው ዲኑን ያያል።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው ግቢ፣ 31 ጥያቄ ያለበትን ዘጠኝ ገጽ ሰነድ እኔ ራሴ ይዤ ሄጄ ለኃላፊው ጸሐፊ በእጇ ሰጠኋት። ትሑት ልጅ ናት፤ ፈገግ ብላ ተቀበለችኝ፣ አመስግኜ ወጣሁ። በሦስተኛው ወር ስንጠይቅ «እንዲህ ያለ ደብዳቤ አልደረሰንም» ተባልን። ደረሰኝ የለኝ፣ ቁጥር የለኝ። አንዲት ባልደረባዬ በዚያ ሰነድ ውስጥ የወሊድ ፈቃዷ ጉዳይ ነበረ፤ እስኪታወቅ ድረስ ጊዜው አለፈባት። ያ ጥፋት የእኔ ነው፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ደብዳቤው በማኅበሩ ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን ተጽፎበት በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ። መዝገብ ቤት ሂዱ። አንዱ ገቢ ይሁን፤ በሁለተኛው ላይ የገቢ ማኅተም፣ የገቢ ቁጥርና ቀን ተመትቶበት ይመለስላችሁ። ማኅተሙ ደብዝዞ ከሆነ እንደገና ይመታ በሉ፤ አትፈሩ። ግልባጭ ለቦርዱ ጽሕፈት ቤት፣ ለሚመለከተው ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ለክልልና ለአገር አቀፉ ማኅበር ይድረስ። የገቢውን ቅጂ ፎቶ አንሥታችሁ በሦስት ሰው ስልክ አስቀምጡ። ደብዳቤው ውስጥ የምትወያዩበትን ቀን እናንተ ሐሳብ አቅርቡ፤ «በሚመቻችሁ ጊዜ» ካላችሁ የሚመች ጊዜ አይመጣም።

ወቅቱንም እወቁ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ዩኒቨርሲቲዎች የቀጣዩን ዓመት ዕቅድና በጀት ማዘጋጀት የሚጀምሩት ግን ከዚያ ብዙ ወራት ቀድመው ነው። ሰኔ ላይ «አራት መምህር ቅጠሩ» ብትሉ ገንዘቡ አልቋል። ጥያቄ ጥቅምት ይሰብሰብ፣ ጉባኤው ኅዳር ይሁን፣ ደብዳቤው ታኅሣሥ ሳይወጣ መዝገብ ቤት ይግባ። የዓለም የመምህራን ቀን አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 25 ይውላል፤ ያን ቀን ያለፈው ዓመት አምስት ጥያቄዎች የት እንደደረሱ ለአባላት ለመንገር ያዙት።

ለውይይት ስትጠሩ ሦስት ሆናችሁ ግቡ፤ አንዱ ይናገር፣ አንዱ ይጻፍ፣ አንዱ ሰነዶቹን ይያዝ። ኃላፊው «እናያለን» ሲል የሚጽፈው ሰው «በማን በኩል፣ እስከ መቼ ብዬ ልያዘው?» ብሎ በአክብሮት ይጠይቅ። በዚያው ቀን ማታ የተባባላችሁትን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ «በውይይታችን የተረዳነው ይህ ነው» ብላችሁ በደብዳቤ ላኩ፤ በመዝገብ ቤት በኩል። ተቃውሞ ካልመጣ ያ ወረቀት ማስረጃችሁ ነው።

አራቱ ልጆች ሰኞ ጠዋት ሲሄዱ ሰነዳቸው አምስት ጥያቄ ሆኗል፤ አራቱ መደቦችና የ30 ቀኑ ክፍያ፣ የሕፃናት ማቆያው፣ የላብራቶሪ ደኅንነት ከነጓንቱና ከነዓይን ማጠቢያው፣ ደመወዝ ከመኖሪያ ቤት ጋር፣ እና ተማሪ ያጠራቸው ትምህርት ክፍሎች ጉዳይ። አሁንም ረቂቅ ነው፤ ጠቅላላ ጉባኤው ሊለውጠው ይችላል፣ መብቱም ነው። ሰፌዱ ላይ የቀሩትን ዘጠኝ ቁራጮች በፖስታ አሸግኩላቸውና ላዩ ላይ «መስከረም 25 ይከፈት» ብዬ ጻፍኩበት። የሰባት ወር ልጅ ያላት እናት ናት ቦርሳዋ ውስጥ ያስገባችው።